ስለ ጭሱ ብቻ

በዚያ ሰፈር ሰው ጠዋት ተነስቶ ፊቱን ሳይታጠብ ከወጣ ሽማግሌ ይመስላል። ቅንድቡ ነጭ፣ ፀጉሩ ነጭ፣ የሸሚዙ ኮሌታ ነጭ። "እኛ ሰፈር እርጅና በአንድ ሌሊት ይመጣል፤ ደግነቱ በውሃ ይለቃል" እያሉ ይቀልዱበታል። ነገሩ ግን የቀልድ አልነበረም። ከመንገዱ ማዶ ያለው የሲሚንቶ ፋብሪካ ከአርባ ዓመት በላይ ሲተነፍስ የኖረው በእነሱ ሳንባ ነው።

ታሪኳን የምንተርክላት ሴት ልብስ ሰፊ ናት። ሰፈሩ "መርፌ" ይላታል፤ ግማሹ ለሙያዋ፣ ግማሹ ለምላሷ። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ከአባቷ ጋር ትኖራለች፤ የፊተኛውን ክፍል ስፌት ቤት አድርጋ ቬሎ ትሰፋለች። በዚያ አቧራ መሀል ነጭ ልብስ ልስፋ ማለት ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ የኖረበት ያውቀዋል። እናቷ የሰው ልብስ እያጠበች ነበር ያሳደገቻት። ያሰጣችው ሳይደርቅ ነጭ አመድ ይለብሳል፤ አውርዳ እንደገና ታጥባለች። ከስምንት ዓመት በፊት ደረቷ ታፍኖ፣ ትንፋሽ እያጠራት፣ በዚያችው ቤት ሞተች።

ከዚያ ወዲህ አባቷ ሰኞ ሰኞ ለፋብሪካው አቤቱታ መጻፍ ያዙ። አንድም ሰኞ አላለፋቸውም። ሰፈሩ ስማቸውን ትቶ "አባባ አቤቱታ" አላቸው። ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው እሳቸው ይናገራሉ፣ ልጃቸው ትጽፋለች። እሳቸው ቁጣውን ያወጣሉ፣ እሷ ነጠላ ሰረዙን ታስገባለች። ለዓመታት መልስ የሚባል ነገር አላዩም።

አምና ግን ፋብሪካው ሊታደስ ነው ተባለ፤ ሥራውንም የሚመራ አንድ መሐንዲስ ተሾመ። አሮጌው የአቧራ ማጣሪያ ተነቅሎ አዲስ ሊተከል፣ በጭስ ማውጫው በከንቱ ይበን የነበረው ሙቀት ተመልሶ ጥሬ ድንጋዩን ሊያደርቅ፣ በእቶኑ ከሚቃጠለው ድንጋይም ከፊሉ በእሳተ ገሞራ አመድ ሊተካ። ሰፈርተኛው ሰምቶ ሳቀ። "እባብ ቆዳውን ቢቀይር መርዙን ይቀይራል?" አለ። ዳሩ ግን ሐሙስ ሐሙስ በመሐንዲሱ ፊርማ መልስ ይመጣ ጀመር።

የመጀመሪያው መልስ እንደ ማንኛውም የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደረቅ ነበር፦ "አቤቱታዎ ደርሶናል።" ሁለተኛው ትንሽ ረዘመ። በሦስተኛው ላይ ግን ከፊርማው በታች በእጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ተጨምሮበት ነበር። "እስከ ዓርብ ነፋሱ ወደ እናንተ ነው፤ ከአሥር ሰዓት በፊት መስኮቱ ባይከፈት ለልብሶቹ ይበጃል።" አባቷ ይህን ሲሰሙ "ምን አገባው በልብስ?" ብለው አጉረመረሙ። እሷም ማጉረምረሙ ላይ ተባበረች። መስኮቱን ግን እስከ አሥር ሰዓት አልከፈተችም። ደብዳቤውንም አጣጥፋ መሳቢያዋ ውስጥ አኖረችው፤ ለማስረጃ እንዲሆን ነው ብላ ለራሷ ነገረች።

በሌላ ሳምንት መሐንዲሱ ራሱ መጣ። አቧራ የሚለካበትን መስታወት በየቤቱ መስኮት ላይ ሊያኖር ነበር። ረጅም፣ ትከሻው በትንሹ የጎበጠ፣ ዝም ያለ ሰው። እሷ በፕላስቲክ ተሸፍኖ የተሰቀለ ቬሎ አጠገብ ቆማ ነበር። በፕላስቲኩ ላይ አንድ ጣት የሚያህል አመድ ተኝቷል። ሰውየው አመዱን አየ፣ ቬሎውን አየ፣ ከዚያ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ "ይቅርታ" አለ። ለእሷ ይበለው ለልብሱ አላወቀችም። ቀና ብሎ ሲያያት ግን መርፌዋን በጨርቁ ሳይሆን በጣቷ ሰካችው።

እንዲህ ሆኖ ዓመቱ ነጎደ። በየሳምንቱ መስታወቱን ሊያነሳ ይመጣል፣ "እንደምን ሰነበቱ" ይላል፣ ይለካል፣ ይሄዳል። ደብዳቤዎቹ ግን ያወራሉ። ስለ ነፋሱ፣ ስለ ጭሱ፣ አዲሱ ማጣሪያ ምን ያህል እንደተሠራ፣ ዝናብ ቢመጣ አመዱ ስንት ቀን እንደሚተኛ። እሷም በአባቷ አቤቱታ ሥር የራሷን መስመር መጨመር ለመደች። ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ስለ አቧራ ይህን ያህል ከጻፈ፣ አንድ ቀን እንኳ ስለ ዓይኗ ቢጽፍ ምን ነበረበት? ማታ ማታ የምታስበው ይህንን ነበር። በዓይኑ ይጠራታል፤ በአፉ ይሸሻታል።

አንድ ቅዳሜ የሰፈሩ ሰዎች ሥራውን እንዲያዩ ተጋበዙ። አባቷ "እግሬን አላነሳም፤ አንቺ እይና ንገሪኝ" አሏት። ሄደች። መሐንዲሱ ሄልሜት ሰጣት፣ ከዚያ ሁሉንም ተራ በተራ እየመራ ወደ እቶኑ አፍ አቀረባቸው። እቶኑ እንደ ተኛ ግንድ ነው፤ ርዝመቱ መንገድ ያህላል፤ ጎኑን አስደግፎ ቀስ ብሎ ይሽከረከራል፤ የቆሙበት ወለል በእግራቸው ሥር እንደ ትልቅ አውሬ ያንኮራፋል። ጥቁር ሰማያዊ መስታወት አቀበላትና በትንሿ መስኮት እንድታይ ነገራት።

አየች። ድንጋይ እንደ ማር እየለሰለሰ ሲንከባለል አየች። መሀል ላይ ያለው ነበልባል ነጭ ነው፤ ከነጭም ያለፈ። ዕድሜዋን ሙሉ የጠላችው ነገር ይህን ያህል ያምራል ብላ አልጠረጠረችም።

"ጥፋቱ የእሳቱ አይደለም" አላት መሐንዲሱ በጆሮዋ አጠገብ፣ ጩኸቱን አሸንፎ እንድትሰማው። "እሳቱ ሥራውን ነው የሚሠራው። ትንፋሹን መያዝ የነበረብን እኛ ነን።"

ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱን በእግሯ ይሁን በክንፏ እንዳቋረጠችው አታውቅም። አባቷ ምን አየሽ ሲሏት አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቃታት።

ደስታ ግን ጠላቱን በኪሱ ይዞ ይዞራል። በዚያው ሳምንት አባቷ የድሮ አቤቱታዎቻቸውን ቅጂ ፈልጊልኝ ብለው ከአልጋቸው ሥር ያለውን ሳጥን አስከፈቷት። ከወረቀቱ ሁሉ መሀል አንድ የፋብሪካ ማኅተም ያለበት ገጽ ወጣ። እናቷ ከመሞቷ ከአራት ወር በፊት የተጻፈ የአየር ልኬት ነው። በሰፈሩ ያለው አቧራ ከተፈቀደው በታች ስለሆነ ለጤና አያሰጋም ይላል። ከሥሩ የለካው ባለሙያ ፊርማ አለ። የመጨረሻዋ ፊደል ጅራቷን ወደ ላይ የምትጠቀልል ፊርማ። ያቺን ጅራት መሳቢያዋ ውስጥ አርባ ጊዜ አይታታለች።

ቁጭ አለች። ያ "ይቅርታ" ለልብሱም ለእሷም እንዳልነበረ ገባት። ያ ሁሉ ነፋስ፣ ያ ሁሉ መስኮት፣ የበደለኛ ሰው ካሳ ኖሯል። ሰኞ የአባቷን አቤቱታ ጽፋ ስትጨርስ ከሥሩ አንድ መስመር አከለች፦ "የእናቴን ሕመም ያቀለለውን ወረቀት አግኝቻለሁ። ይህን ሁሉ ደብዳቤ የጻፉት ለእኔ ነው ወይስ ለእሷ?"

ሐሙስ መልሱ መጣ። በሩ ላይ ቆማ ከፈተችው። "አዲሱ ማጣሪያ ሰኞ ሥራ ይጀምራል። ነፋሱ ከሰሜን ነው" ይላል። ሌላ የለውም። ገልብጣ አየችው፤ ጀርባው ባዶ ነው። ወረቀቱን አልቀደደችውም፤ መቅደድም አቅም ይፈልጋል።

ሰኞ ማጣሪያው ሥራ ጀመረ። ሦስት ቀን ሰማዩ ጠራ፤ ሰዉ በሹክሹክታ ያወራ ጀመር፣ ጮክ ቢሉ የሚደፈርስ ይመስል። በአራተኛው ቀን ጠዋት አቧራው ከቀድሞው ብሶ መጣ። ሰፈሩም "አላልናችሁም?" አለ። ፋብሪካው ውስጥ ያለው ወሬ የከፋ ነበር። አዲሱ ነገር ይቅርብን፣ በአሮጌው እንቀጥል፣ መሐንዲሱም ይሰናበት የሚሉ በርትተዋል አሉ። ይህን ያመጣችላት በፋብሪካው በጽዳት ሥራ የምታገለግለው አክስቷ ናት። ከወሬው ጋር ደግሞ ከማጣሪያው ተነቅሎ የተጣለ፣ አቧራው የሚጠለልበት አንድ የጨርቅ ከረጢት ተሸክማ መጣች። "ጨርቁ ወፍራም ነው፣ ሽርጥ ይወጣዋል ብዬ" አለች።

መርፌ ከረጢቱን ተቀበለች፤ ፊቷ ጭልም እንዳለ። ሰው ቢያዝንም እጅ ሙያውን አይረሳም። ከሁለት ሰው ቁመት የሚበልጥ ቱቦ መሳይ ከረጢት ነው። ጨርቁን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ምንም አልሆነም። ስፌቱን ዳሰሰችው። ክሩ እንደ ደረቀ ሣር ጣቷ ላይ ተፈረፈረ። ክብሪት ጫረች፤ የክሩን ጫፍ ስታስነካው ቀልጦ ተንጠባጠበ። ጨርቁን ስታስነካው ጠቆር ብሎ ዝም አለ። ሙቀት የሚችል ጨርቅ፣ ሙቀት በማይችል ክር ተሰፍቶ ነበር። ነገሩ ይኸው ነው። በዚያ ሁሉ ብረትና በዚያ ሁሉ ኮምፒውተር መሀል የጎደለው ክር ነው።

ዝም ብትል ያ ሰው ይባረራል፣ እሷም ትገላገላለች። ጭሱ ግን ይቀራል። ከረጢቱን ይዛ አባቷ ዘንድ ገባች። ስለ ክሩ ነገረቻቸው፤ ከዚያ የቀረውን ሁሉ፣ ወረቀቱን፣ ፊርማውን፣ መሳቢያዋን ጭምር አውጥታ ተናገረች።

"አውቀዋለሁ" አሏት አባቷ።

ቀና አለች።

"አምና፣ መልሱ መምጣት ሳይጀምር፣ አንቺ ጨርቅ ልትገዢ ወርደሽ እሱ መጣ። ከበሩ አላለፈም። 'ወረቀቱን የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ እቶኑ ለጥገና በቆመበት ቀን ለክቼ፣ እያወቅሁ ፈረምኩ፤ ሥራ የጀመርኩበት ወር ነበር፣ ፈራሁ' አለኝ። ልደበድበው ተነሳሁ። ዓይኔ እንደምታውቂው ነው፤ ዱላዬን ዳብሼ ዳብሼ አጣሁት። እሱ አንስቶ ሰጠኝ።" አባቷ ዱላቸውን ዳሰሱ። "በገዛ እጁ ያስያዘኝን ዱላ እንዴት ላሳርፍበት? ይቅርታህን አልፈልግም፣ ጭሱን አቁምልኝ አልኩት።"

"እና ለምን..."

"ቆይ፣ አልጨረስኩም። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ መጣ። ልጅዎን ላናግር ይፍቀዱልኝ አለ። የእናቷን ትንፋሽ ወስደህ የእሷን ልብ አትወስድም፤ ጭሱ እስኪቆም ስለ ጭሱ ብቻ ጻፍ፣ ከዚያ ውጭ አንዲት ቃል ብትተነፍስ ወዮልህ አልኩት። እሺ አለ።" ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይኸው ዓመቱን ሙሉ ደብዳቤውን ስታነቢልኝ አዳምጣለሁ። አንዲት ቃል ሲስት ልይዘው ነበር። አልሳተም።"

ልጃቸው ከረጢቱን እንዳቀፈች እንባዋ ወረደ። ለምን አልነገሩኝም አለቻቸው። ብነግርሽ ወይ እሱን ወይ እኔን ትጠይ ነበር፣ ሁለቱንም ፈራሁ አሏት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የተተረተረውን ስፌት ዳሰሱ።

"እናትሽ ብትሆን የተቀደደ አይታ አታልፍም ነበር። ሂጂ።"

ፋብሪካው ስትደርስ አለቆቹ ሁሉ በስብሰባ አዳራሹ ነበሩ። ዘበኛው ማን ልበል ቢላት "ከረጢት ይዤ መጣሁ በል" አለችው፤ ምን እንደሆነ ባይገባውም አስገባት። መሐንዲሱ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆሟል። ሲያያት ፊቱ ደም አጣ። እሷ ግን ለእሱ ሰላምታ አልሰጠችም። ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፣ ክብሪት ጫረች፣ መጀመሪያ ክሩን፣ ቀጥሎ ጨርቁን አስነካች።

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አውልቀው ጎንበስ ብለው አዩ። ከየትኛው ድርጅት የመጣች ባለሙያ እንደሆነች ጠየቋት።

"ከመንገዱ ማዶ" አለች።

የተበላሹት ሁሉ ከአንድ ጭነት የመጡ መቶ ስልሳ አራት ከረጢቶች ሆነው ተገኙ። እሳት የማይደፍረው ትክክለኛው ክር ለመጠባበቂያ ተልኮ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ማን ይስፋው ሲባል መርፌ የሰፈሯን ሰፊዎች ጠራች። ስድስት ሴቶችና የቆዳ ስፌት መኪናቸውን በጋሪ ያስጫኑ አንድ አዛውንት ጫማ ሰፊ መጡ። አዛውንቱ በሩ ላይ ቆመው "አርባ ዓመት ስንረግመው የኖርነውን ልናለብሰው መጣን" ሲሉ ዘበኛው እንኳ ሳቀ።

ሥራውን ከመጀመሯ በፊት ከረጢቶቹ የሚሰቀሉበትን ቤት ላሳይዎት አላት መሐንዲሱ። ሲገቡ ቆመች። ከሺህ የሚበልጡ ነጫጭ ከረጢቶች ከጣሪያ እስከ ወለል፣ ረድፍ በረድፍ ተንጠልጥለው፣ እስከማይታየው ጥግ ድረስ ጸጥ ብለዋል። በዕድሜዋ ያን ያህል ስፌት በአንድ ላይ አላየችም። ይህ ሁሉ ጨርቅ የሰው ሳንባ ሊሆን ነው የተሰቀለው። ሳታስበው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ እዚያ ጮክ ብሎ ማውራት ነውር መሰላት።

"አባቴ ሁሉንም ነገሩኝ" አለችው።

ብዙ ነገር ከንፈሩ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

"ጭሱ ገና አልቆመም" አለ በመጨረሻ።

ያን ሰዓት ልቧ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ በወረቀቱ እንደ ተቆጣ፣ ግማሹ ቃሉን እንዲህ የሚጠብቅ ሰው አጠገብ በመቆሙ እንደ ተንቀጠቀጠ።

አምስት ቀን ሰፉ። ከረጢቶቹን ከማጣሪያው እያወረደ በትከሻው የሚያመጣላቸው እሱ ነበር፤ ሠራተኛ ይምጣ ቢሉት እምቢ አለ። አመዱ ላብ ላይ ተለጥፎ ሐውልት አስመስሎታል። እያንዳንዱን ስታስረክበው ስፌቱን በጣቱ ይከተላል፣ ከዚያ ዓይኑን ያነሳል፣ እሷም ቀድማ ያነሳችውን ዓይን ትደብቃለች። ሴቶቹ አይተው እንዳላዩ ሆኑ። አዛውንቱ ብቻ "ይህ ሰው ስፌት ነው የሚመረምረው ወይስ ሰፊዋን?" ብለው ወደ መኪናቸው አጎነበሱ።

እቶኑ ተለኩሶ እስኪግል ሁለት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ መርፌ በሩን ከፍታ ስትወጣ ጎረቤቱ ሁሉ መንገድ ላይ ቆሟል። ማንም አያወራም። ሁሉም ቀና ብሎ ጭስ ማውጫውን ያያል። ከአናቱ ላይ የሚወጣ ጭስ የለም። በሙቀት የሚርገበገብ አየር ብቻ፣ በእሱ ውስጥ ሰማዩ እንደ ውሃ ይንቀጠቀጣል።

"አጥፍተውታል" አለ አንዱ።

"አላጠፉትም፤ እግርህን አድምጥ" አለው ሌላው። እውነት ነበር። መሬቱ በጫማቸው ሥር ያንኮራፋል። ያ ነጭ እሳት ድንጋይ እያቀለጠ ነው፤ ትንፋሹ ግን ተይዟል።

አባቷን በክንዳቸው ይዛ አወጣቻቸው። ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ቆሙ። ምን ይታያል አሏት። ከፋብሪካው ጀርባ ሸንተረር እንዳለ ነገረቻቸው። ሁልጊዜ ከጉም የማይለይ ግራጫ ነገር ነበር፤ ዛሬ በላዩ ያሉት ዛፎች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፣ ከሥሩ ቤቶች አሉ፣ ከአንዱ ቤት ሰው ወጥቶ ወደዚህ ወደ እነሱ ያያል። አባቷ አየሩን በረጅሙ ሳቡት፤ ያዙት፤ ለመልቀቅ የሳሱ ይመስል ብዙ ቆዩ።

መሐንዲሱ መንገዱን አቋርጦ መጣ። ሌሊቱን እቶኑ ላይ ቆሞ ያደረ ሰው ነው፤ ፊቱ ግን ታጥቧል። አባቷ እርምጃውን ሰምተው እሱ ነው ወይ ብለው ጠየቋት፤ አዎ አለቻቸው። አባቷ ክንዳቸውን ከክንዷ አስለቀቁ።

"በል" አሉት፣ "አሁን የፈለግኸውን ተናገር።"

ዓመት ሙሉ ያጠራቀመውን ሊያወራ የመጣው ሰው መጀመሪያ እጆቹን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ስለ ወረቀቱ ተናገረ፤ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ፣ ድምፁን ሳይቀንስ፣ እያወቀ እንደፈረመና ያቺ ፊርማ ስምንት ዓመት እንዳላስተኛችው። አንዲት ሴት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ማንም አላቋረጠውም።

"ለእናትሽ ደብዳቤ አልጻፍኩም" አለ ወደ መርፌ ዞሮ፤ አንቺ ሲላት የመጀመሪያው ነበር። "ለሞተ ሰው ምን ተብሎ ይጻፋል? ለእሷ የቻልኩት ያንን ነው።" በእጁ ጭሱ የጠፋውን ሰማይ አሳያት። "ደብዳቤዎቹ ያንቺ ናቸው። ስለ ነፋስ የሚለውም፣ ስለ አመድ የሚለውም። ሁሉም ያንቺ ናቸው።"

"ይቅርታው በአንድ ጠዋት አይመጣም" አለችው። ድምፅዋ የራሷ አልመስልሽ አላት።

"አውቃለሁ። እጠብቀዋለሁ።"

"እኔን ግን አትጠብቅም። እኔ እዚህ ነኝ።"

አጠገቧ መጥቶ ቆመ። አልነካትም፤ ትከሻቸው መሀል የጣት ያህል ክፍተት ነበር። እሷ ሸንተረሩን ታያለች። በዚያ ርቀት ያለ ቅጠል ሲወዛወዝ ይታየኛል ብትል ማን ያምናታል? ግን ይታያታል። ሰፈሩ በሙሉ እንደ አንድ ሰው በቀስታ ይተነፍሳል፤ የአባቷ ትንፋሽ፣ የእሱ ትንፋሽ፣ የራሷም ትንፋሽ እየተቀላቀለ ወደዚያ ወደ ጠራው ሰማይ ይወጣል። ፈራች፤ ሐዘንን ለምዳዋለች፣ ቁጣንም ለምዳዋለች፤ ይህን ያህል የሚያክል ደስታ ግን ሰውን እንደሚያስፈራ እስከዚያች ጠዋት የነገራት አልነበረም።